የሰው ልክ፤ አካልን በምጣኔ መሳልን ስለ መማር የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

"ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች የሰውን አካል በልኩ መሳል አያውቁም ነበር" የሚለው አባባል ከመንገደኞች ማስታወሻ ተነሥቶ፣ በሙዚየም መግለጫዎች አልፎ፣ ዛሬ በእኛው በስደተኞቹ አፍ ሳይቀር የሚሰማ ሆኗል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ይህንኑ ለመመከት የተነሣ ሌላ አባባል አለ፤ "ምጣኔ የባዕድ ልክ ነው፤ ልጆቻችንን እርሱን ማስተማር ዓይናቸውን ማስማረክ ነው" የሚል። ሁለቱ አባባሎች የሚጣሉ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ምጣኔ የሚባል ነገር በእኛ ዘንድ እንዳልነበረ። በዚህ ጽሑፍ የምንሞግተው ይህን ስምምነታቸውን ነው።

ክርክሩን ከመጻሕፍት በፊት ከምድር ቤት ብንጀምረው ይሻላል። በካናዳ፣ በካልጋሪ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ ሲቲስኬፕ የሚባል በዚህ ምዕተ ዓመት የተሠራ ሰፈር አለ። ቃሉ በእንግሊዝኛ የከተማን ገጽታ የሚያሳይ የሥዕል ዓይነት መጠሪያ መሆኑን ብዙው ነዋሪ ልብ ያለው አይመስለንም። የብዙዎቹ ጎዳናዎች ስም በዚሁ ቃል ስለሚጀምር ለቡና የተጠራ እንግዳ መንገድ ሳይስት አይመጣም። ከእነዚህ ተጠጋግተው ከቆሙ ቤቶች በአንዱ ምድር ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከእኛው ወገን የሆኑ ዘጠኝ ልጆች ሥዕል ይማራሉ። አሥረኛው ተማሪ ይህን የሚጽፈው ሰው ነው። ጠጕራችን ከሸበተ በኋላ ከሕፃናት ጋር እርሳስ ለመቅረጽ የተቀመጥንበትን ምክንያት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መምህሩ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በሥራ ቀን መጋዘን ውስጥ ሣጥን የሚያነሡ ሰው ናቸው። የሚያስተምሩትም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አንድ ቀጥ ያለ መሥመር ከላይ ወደ ታች ይሰመራል። ከዚያም ከአናት እስከ አገጭ ያለው የራስ ቁመት እንደ መለኪያ ተይዞ መሥመሩ በእኩል ይከፋፈላል። ስምንት ራስ በሚባለው አከፋፈል የመጀመሪያው ምልክት በአገጭ፣ ሁለተኛው በጡት ጫፍ፣ ሦስተኛው በእምብርት፣ አራተኛው በብሽሽት፣ ስድስተኛው ከጉልበት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይውልና ስምንተኛው መሬት ላይ ያርፋል። አራተኛው ምልክት የቁመቱ እኩሌታ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ የሰው እኩሌታ ወገቡ ይመስለውና እግሩን አሳጥሮ ይተወዋል። ፊት ላይም እንዲሁ ነው። ዓይን የሚያርፈው በራስ ቁመት እኩሌታ ሆኖ ሳለ ሕፃኑም ሽማግሌውም ዓይንን ወደ ግንባር ሰቅሎ ይስለዋል፤ ከዓይን በላይ ያለው ግንባርና ጠጕር ብዙ የሚናገረው ነገር ስለሌለ ቦታውን ይነፍገዋል። መዳፍ ከነጣቱ ፊትን ከአገጭ እስከ ጠጕር መብቀያ የሚሸፍን ሲሆን ጀማሪ ግን የሕፃን እጅ ያደርገዋል። እግርም ከክርን እስከ አንጓ ካለው የክንድ ክፍል ጋር ይስተካከላል፤ ይህን ያላመነ ጫማውን አውልቆ ይሞክረው። አራስ ልጅ ቁመቱ አራት ራስ ያህል ስለሆነ፣ ሕፃንን ትልቅ ሰው አሳንሶ መሳል አይቻልም።

ይህ ሁሉ ስሕተት ከእጅ ድክመት የመጣ አይደለም። ሰው የሚናገረውን የአካል ክፍል ያተልቃል፣ ዝም ያለውን ያሳንሳል። ስለዚህ ምጣኔን መማር ማለት ለዝምተኛውም ቦታውን መስጠትን መማር ነው። ይህን ያህል ከተስማማን ወደ ጠቡ እንሂድ።

ጠቡ የተነሣው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሆነች አንዲት ተማሪ አያቷን በሣለችበት ቀን ነው። አያትየዋ ከቤቱ ጣራ ይልቃሉ፤ ዓይናቸው የገጻቸውን ሲሶ ይዟል፤ ልጅቷ ራሷ ከቀሚሳቸው ግርጌ እንደ ሽንብራ ቆማለች። መምህሩ በቀይ እርሳስ ምልክት አደረጉ፤ ራሱ ትልቅ ነው፣ እግሩ አጭር ነው፣ ዓይኑ ወደ ላይ ወጥቷል አሉ። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ደረጃውን ወጣች። ላይ ቤት ቡና ይጠጣ የነበረው ጉባኤ ጉዳዩን ተቀበለና ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ለሁለት ተከፈለ። ከመካከላችን የተማረ የሚባለው "ይህ እኮ የጎንደር ሥዕል ነው፤ ቀዩን እርሳስ ማን ሰጣችሁ?" ሲል፣ ሌላው "ልጄ እዚህ አገር ትምህርት ቤት ገብታ እንድትወድቅ ነው?" አለ። መምህሩ ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጡ ሄዱ። እኛ ሁለቱም ወገኖች በተሳሳተ መሬት ላይ ቆመው የተሟገቱ ይመስለናል።

አስቀድመን ምጣኔ "የፈረንጅ" ነው የሚለውን እንመርምር። መምህሩ የሚጠቀሙበት የስምንት ራስ ሰንጠረዥ በስፋት የታወቀው አሜሪካዊው አንድሩ ሉሚስ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው የሥዕል መማሪያ ነው። ሉሚስ ለመጽሔትና ለማስታወቂያ የሚሥል ሰው ነበር። ስምንት ራስ ያለው ሰው የተመረጠ ሰው እንጂ አማካይ ሰው አለመሆኑን አልሸሸገም፤ አማካዩ ሰባት ተኩል ገደማ ነው። ሸቀጥ የሚሸጥ ሰው ግን ረዘም ማለት አለበት። እንግዲህ ልጆቻችን "ልክ" ብለው የሚማሩት የሱቅ መስኮት ሰው ልክ መሆኑን መንገር የመምህር ግዴታ ነበር፤ መምህራችን አልነገሩንም፤ ለእርሳቸውም የነገራቸው ያለ አይመስለንም።

ከሉሚስ ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ አንድ "የፈረንጅ ልክ" የሚባል ነገር አናገኝም። ግብጻውያን የቆመ ሰውን በአሥራ ስምንት አራት ማዕዘኖች መረብ ውስጥ ያሠፍሩት ነበር፤ ግብጽ ደግሞ የዓባይ አገር ናት። ግሪካዊው ፖሊክሌይቶስ ስለ ልክ የጻፈው መጽሐፍ ጠፍቶ ቀርቷል። ሮማዊው ቪትሩቪየስ የሰው ቁመት አራት ክንድ፣ ራሱም የቁመቱ ስምንተኛ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1490 ገደማ በክብና በአራት ማዕዘን ውስጥ እጁን ዘርግቶ የቆመውን ሰው የሣለው ይህንኑ ተከትሎ ነው። ጀርመናዊው አልብሬኽት ዱረር ግን፣ በሞተበት ዓመት በ1528 በታተሙት አራት መጻሕፍት፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን፣ ሴቱንና ወንዱን፣ ሕፃኑን ጭምር ለየብቻ ለክቶ አቀረበ፤ ለሁሉ የሚሆን አንድ ልክ አላወጣም። እኛ ከእነዚህ ሁሉ የወረስነው የመጨረሻውንና ጠባቡን ነው።

የቪትሩቪየስን "አራት ክንድ" ስናነብ ቆም ማለት ይገባናል። ክንድ፣ ስንዝርና ጋት በአገራችን እስከ ትናንት ድረስ የገበያ መለኪያ ነበሩ። አራት ጣት አንድ ጋት፣ ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ እየተባለ አቡጀዲ ተለክቷል፣ ጣራ ተማግሯል፣ ጉድጓድ ተቆፍሯል። አቡጀዲ የሚገዛ ሰው ክንደ ረጅም ዘመድ አስከትሎ ገበያ ይወጣ ነበር ይባላል። አካሉን እንደ መለኪያ የያዘ ሕዝብ አካልን መለካት አያውቅም ማለት እንዴት ይቻላል? ቋንቋችንም ይመሰክራል። "ልክ" ስንል መጠንም ማለታችን ነው፣ ትክክልም ማለታችን ነው፣ ወሰንም ማለታችን ነው። "ልክ ነህ" የሚባለው ሰውና "ልኩን ያላወቀ" የሚባለው ሰው የተለኩት በአንድ ቃል ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲነጻጸር የሚይዘው ስፍራ በዚህ ቃል ውስጥ ስላለ፣ ሠዓሊዎቻችን ልክን ከማዕረግ አልለዩትም።

በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ይታያሉ። ደብሩን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ አገር ያስተዳደሩት እርሳቸው ናቸው። በሥዕሉ ላይ ግን ከእመቤታችን አጠገብ ሲታዩ እጅግ ያነሡ ናቸው። ይህን የሣለው ሰው ሁለት ሴቶች ተቀራራቢ ቁመት እንዳላቸው ሳያውቅ ቀርቶ ነው የሚል ካለ ይምጣ። ዓይንን በተመለከተም እንዲሁ ነው፤ የጻድቃን ፊት በሁለት ዓይን፣ የሰይጣንና የከሓዲ ፊት በጎኑ በአንድ ዓይን መሳሉ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ሥርዓት ነው። የዓድዋን ጦርነት በሚያሳዩ ሥዕሎችም የእኛ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካች ሲመልስ ጠላት በጎኑ ይታያል። (በምድር ቤታችን መምህሩ "ክንዳችሁን ዘርጉ፣ እርሳሱን ያዙ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በአውራ ጣታችሁ ለኩ" ሲሉ፣ ዘጠኝ ልጆችና አንድ ሽማግሌ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይና ሆነው ሲታዩ፣ ጥንታዊ ሠዓሊ ቢያየን በየትኛው ወገን ይሥለን እንደነበር አሰብንና ሳቃችን አመለጠን።)

"አያውቁም ነበር" ለሚሉት ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አለ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል ሲሥል የጣቶቿን ልስላሴና የልብሷን እጥፋት ያየ ሁሉ፣ እጁ ለታዘዘው ሁሉ የሚበቃ እንደነበር ይመሰክራል። ከእርሱ በኋላ የቬኒሱ ኒኮሎ ብራንካሌዎን ወደ አገራችን መጥቶ ለብዙ ዓመታት ሥሏል። በኋላም በ1590 እና 1591 ገደማ ሮም ላይ በዐረብኛ የታተመው ወንጌል፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ ከሣላቸው ሥዕሎች ጋር፣ ጎንደር ደርሶ ሠዓሊዎቻችን በእጃቸው ይዘውታል። በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ሥጋ በጥላ የተቀረጸ ነው፤ የሩቁ ያንሳል፣ የቅርቡ ይልቃል፤ ክንድ ወደ ተመልካች ሲዘረጋ ያጥራል። የእኛ ሠዓሊዎች የታሪኩን አቀማመጥ ወሰዱ፤ ማን የት እንደቆመ፣ ማን እጁን እንዳነሣ ወሰዱ። ጥላውንና ርቀቱን ግን ብዙውን ጊዜ ተዉት። አንድን ነገር ፊት ለፊት አስቀምጦ አይቶ ከፊሉን መውሰድና ከፊሉን መተው ምርጫ እንጂ አለማወቅ አይባልም። በኋለኛው የጎንደር ዘመን ደግሞ ጉንጭና አንገት በጥላ እየሞሉ መምጣታቸው፣ የተውትን ሲፈልጉ መልሰው ማንሣት ይችሉ እንደነበር ያሳያል።

እስካሁን ስለ ሥዕል ስንናገር ቆየን። የአካል ምጣኔ ትምህርት በአገራችን ከሥዕል ይልቅ ጠልቆ የሚገኘው ግን በቅኔ ቤት ደጅ ነው ብንል ደፋሮች አያሰኘንም። መልክአ ማርያምንና መልክአ ኢየሱስን በልጅነቱ ያዜመ ሰው የምንለውን ወዲያው ይረዳል። መልክእ የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጕር ጀምሮ ዝርዝር አድርጎ ሰላም እያለ ይወርዳል፤ ራስ፣ ገጽ፣ ቅንድብ፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ ጥርስ፣ ምላስ፣ ድምፅ፣ እስትንፋስ፣ ጉሮሮ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ጀርባ፣ ክንድ፣ ክርን፣ መዳፍ፣ ጣት፣ ጥፍር፤ እያለ እስከ እግር ጥፍር ይደርሳል። በመጨረሻም ቁመትን በሙሉ፣ ከዚያም የነፍስን መውጣት፣ ግንዘትንና መቃብርን ያነሣል። ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል የሚሰጠው አንድ ቤት ነው፤ ብዙውን ጊዜም አምስት ስንኝ። ለሰፊው ጀርባ አምስት ስንኝ፤ ለቅንድብም አምስት ስንኝ። ቁመትና ስፋት እዚህ አይቈጠርም፤ የተቈጠረው ምንም የአካል ክፍል ሳይረሳ መዳረሱ ነው። አንድ ደብተራ በቃሉ የሚያውቀውን የአካል ዝርዝር ያህል የሚዘልቅ የሥዕል ተማሪ በየትኛውም አገር ብዙ አይገኝም። ልዩነቱ መለኪያው ነው፤ የአንዱ መለኪያ ራስ ነው፣ የሌላው መለኪያ ሰላምታ።

የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ ሥዕል ታዲያ ጎንደራዊ ነውን? አይደለም። ልጅቷ ጎንደርንም ናርጋንም አታውቅም፤ በመላው ዓለም ያለ ሕፃን እንደሚሥለው ሣለች። የሕፃንን ስሕተት የአባቶች ሥርዓት ነው ብሎ ማክበር ለሕፃኗም ለአባቶችም ስድብ ነው። የጥንቱ ሠዓሊ ከመምህሩ ሥር ዓመታት ተቀምጦ፣ ቀለም ፈጭቶ፣ ከሰል ይዞ መሥመር ደጋግሞ ነው እዚያ የደረሰው። እርሷም መማር ነበረባት። ቀዩ እርሳስ ግን "ልክ አይደለም" ብቻ አለ፤ "በየትኛው ልክ?" ብላ እንድትጠይቅ አላስቻላትም። በመምህሩ ላይ ያለን ነቀፌታ ይህ ብቻ ነው።

ይህ ነቀፌታ ወደ ትልቁ ትምህርት ቤትም ያደርሰናል። አለ ፈለገ ሰላም ኅሩይ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የተወለዱ ነበሩ። ችካጎ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1954 ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ይኸው ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ከእርሳቸው በፊት አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተምሮ ነበር። አለ ሁለቱን ልኮች በአንድ ሰውነት የያዙ ሰው ነበሩ፤ ቀን ተማሪን አካል አስለክተው፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይሥሉ ነበር። እርሳቸው በሞቱበት በ2016 እ.ኤ.አ. ብዙ ተጽፏል፤ ሁለቱ ልኮች በእጃቸው ላይ እንዴት እንደተነጋገሩ የመረመረ ጽሑፍ ግን እኛ አላነበብንም፤ አንድ ሰው እንዲጽፈው እንመኛለን።

ልክ መንግሥትንም ያገለግላል። በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ የቆመው የትግላችን ሐውልት ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት፣ መስከረም 1977 ዓ.ም.፣ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ተሠርቶ ተመረቀ። በዚያ ያሉት ሰዎች ደረታቸው የሰፋ፣ ክንዳቸው የፈረጠመ፣ ራሳቸው ከሰውነታቸው አንጻር ያነሰ ነው። በሥዕል ትምህርት ይህ የጀግና ልክ ይባላል፤ ራስ ሲያንስ ሰውነት ይገዝፋልና። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወራት፣ በኮረም ሜዳ የወደቀው ሰው ልክ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ረኃብ ሥጋን ሲወስድ ራስን አያሳንስም፤ ስለዚህ የተራበ ሕፃን ራሱ ትልቅ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ እጁ ረጅም ሆኖ ይታያል። በአንድ አገር በአንድ ወር ሁለት ምጣኔ ነበር። የትኛው "ትክክል" ተሣለ? ሠዓሊው እሸቱ ጥሩነህ እ.ኤ.አ. በ1974 የወሎን ረኃብ ሰለባዎች ሲሥል በትምህርት ቤት የተማረው የአካል ልክ ከፊቱ ካለው ሰው ጋር እንደማይገጥም ያየ ይመስለናል። ልክን ያወቀ ሰው ብቻ ነው የጎደለውን መጠን ለይቶ የሚያየው። "ምጣኔ ማስማረኪያ ነው" ለሚሉን ወንድሞች የምንሰጠው መልስ እዚህ ላይ ነው።

ታደሰ መስፍንም ሌላ ምሳሌ ነው። በሌኒንግራድ ተምሮ ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ያስተማረው ይህ ሠዓሊ የጉሊት ነጋዴ ሴቶችን እንደ ምሰሶ አስረዝሞ ይሥላል። ርዝመታቸው የሉሚስ ርዝመት አይደለም፤ የሚሸጡት የራሳቸውን ሽንኩርትና ቃሪያ ነው። አጥንቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ እጅ ሲያስረዝም፣ የረዘመው ሴት አትሰበርም።

አሁን ወደ ሲቲስኬፕ እንመለስ፤ ምክንያታችንን ለመናገር ቃል ገብተናልና።

በዚያ ሰፈር በበረዶው ወራት ሰው አይታይም። መኪና ይታያል፣ በመኪናው ውስጥ ከትከሻ በላይ ያለ ሰው ይታያል፤ ከመኪናው እስከ በር ያለችውን ጥቂት እርምጃ የሚራመደውም ካፖርት ነው። በአገራችን ቁመት ሁልጊዜ ይታይ ነበር፤ እንስራ ያዘለች፣ ምርኩዙን ተደግፎ የሚጠብቅ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጁን ያንጠለጠለ እረኛ። ልጆቻችን ሙሉ ሰው ቆሞ ሲያርፍ ያዩት ጥቂት ጊዜ ነው። ፊት በስልክ ላይ ያያሉ። ስለዚህ ፊት ይሥላሉ፤ እግር ሲሥሉ ይጠፋባቸዋል።

የእኛም ጉድለት ከዚህ አይለይም። እናታችን ባረፈች ጊዜ አገር ቤት አልገባንም፤ መግባት አንችልም ነበር። በእጃችን የነበረው ለቀበሌ መታወቂያ የተነሣችው ሦስት በአራት ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ከዚህ የተሻለ ይዘናል? ጉርድ የሚለው ቃል ራሱ ይከብዳል፤ የተቈረጠ ማለት ነው። በለቅሶው ዕለት ያንኑ አስፍተን ግድግዳ ላይ ሰቀልን። የመጡ ልጆች "ረጅም ነበሩ?" ብለው ጠየቁን። መልስ አጣን። ትንሽ ልጅ ሆነን ስናያት ረጅም ነበረች፤ ስንለያት ደግሞ ቆሞ የተመለከታት አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምድር ቤት ወርደን ከዘጠኙ ልጆች ጋር ተቀመጥን።

በመጀመሪያ ሰንጠረዡን ተከትለን በሰባት ተኩል ራስ ሣልናት። ፊቷ የእርሷ ነበር፤ ከአንገት በታች የቆመችው ግን የሱቅ መስኮት ሴት ሆነች። ዳሌዋ ላይ እጇን ብታሳርፍ ሸቀጥ የምትሸጥ ትመስል ነበር። በስምንት ራስ ሞከርን፤ ባሰ። መምህሩ "ልኩ ትክክል ነው" አሉ፤ ትክክልም ነበር።

ከተዝካሩ በኋላ እህታችን በመንገደኛ እጅ አንድ ቀሚስ ላከች። ደረቱ ላይ የተጠለፈውን ጥልፍ ስናይ በጉርዱ ፎቶግራፍ ላይ ያለው ያው መሆኑን አወቅን። ይህን ለመምህሩ ስናሳያቸው መጋዘናዊ ድካማቸው ሁሉ ከፊታቸው ጠፋ። ቀሚሱን በምድር ቤቱ ወለል ላይ ዘረጉት። የጥልፉን ስፋት በጨርቁ ላይ ለኩ፤ 18 ሳንቲሜትር። በፎቶግራፉ ላይ ለኩ፤ 1 ነጥብ 8። አሥር እጥፍ ማለት ነው። ሻሿን ቀንሰን ከአናቷ እስከ አገጯ በፎቶግራፉ ላይ 2 ነጥብ 2 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ እንግዲህ ራሷ 22 ሳንቲሜትር ነበር። ቀሚሱ ከትከሻ እስከ ጠርዙ 112። ራስና አንገት፣ ከጠርዙ እስከ መሬት ያለውም ተጨምሮ 143 ሳንቲሜትር ሆነ። ለ22 አካፈልነው። ስድስት ተኩል ራስ። ፊት ከደረት ወደ ኋላ ራቅ ስለሚል፣ አገጭም ዝቅ ስለሚል፣ ጥቂት ስሕተት ሊኖረው እንደሚችል መምህሩ አልሸሸጉንም።

አያቷን የሣለችው ልጅ ከአጠገባችን ቆማ ስትከታተል ነበር። "ታዲያ የእርሳቸውም ራስ ትልቅ ነበር፤ የኔን ለምን በቀይ አደረጉት?" ብላ መምህሩን ጠየቀች። መምህሩ አሰቡ። "ያንቺን ስላልለካሽው" አሏት። ከዚያም የአያቷ ቀሚስ ቤት ውስጥ እንዳለ ጠየቋት። አለ አለች። በተከታዩ ቅዳሜ ይዛው መጣች። የእርስዋ አያት ሰባት ራስ ሆኑ። ልጅቷ ግን ቤቱን ከፍ ማድረግ እምቢ አለች፤ አያቷ አሁንም ከጣራው ይልቃሉ፤ መምህሩም አልነኩትም።

በስድስት ተኩል የሣልናት እናታችን ጎበጥ ያለች፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ የቀረበ፣ እጇ እስከ ጉልበቷ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ናት። የቀሚሱ እጅጌ በቀኝ በኩል ክርኑ ላይ ተልጦ ስለነበር፣ ምርኩዝ የያዘችው በዚያ እንደሆነ ገመትንና ምርኩዝ ሰጠናት። ቀሚሱ የእግሯን ነገር ስለማይናገር እርሱ ቀረ። ሰንጠረዡ እግር ከክርን እስከ አንጓ ካለው ጋር እኩል ነው ስለሚል በዚያው ልናስቀምጠው አስበን፣ ለማረጋገጥ እህታችንን በስልክ የጫማዋን ቁጥር ጠየቅናት።

እህታችን ቁጥሩን አልነገረችንም። "ጫማ መች ታደርግ ነበር? የቀኝ እግሯ አውራ ጣት በልጅነቷ ተሰብሮ ወደ ውስጥ እንደገባ ረሳኸው?" አለች።

ረስተነው ነበር። ሥዕሉ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ተሠርቷል።